ስለ ቀልድና ስለ ኮሜዲያ፤ ሣቅ ለቤተ ሰብ ያለው ጥቅምና ጉዳት

በአገራችን ቀልድ ቤት ያጠፋል የሚል የቆየ ተረት አለ። ይህንን ተረት ይዘው ብዙ ጨዋ ሰዎች ቀልድን ከቁም ነገር ውጭ ያደርጉታል፤ ቀልደኛውንም ባዩት ጊዜ ይሥቁለታል እንጂ አያከብሩትም። ዳሩ ግን ያው ጨዋ ሰው ማታ ከቤቱ ገብቶ ካባውን ካወለቀ በኋላ የሚያሥቀውን ነገር ሲፈልግ ይገኛል። ሰው ቀን የተሸከመውን ሐሳብ ማታ የሚያራግፈው በጨዋታ ነውና። እንግዲህ ሣቅ ከቤታችን የማይወጣ እንግዳ ከሆነ፥ በየትኛው በር እንደሚገባና ምን ይዞልን እንደሚመጣ መመርመር ይገባል። ስለዚህ ዛሬ በዚህ ገጽ ስለ ቀልድና ስለ ኮሜዲያ፥ ከጥንቱ የችሎት ጨዋታ ጀምሮ ዛሬ በቦሌና በምሥራቅ አዲስ አበባ በየቤቱ እስከሚታየው ድረስ፥ ጥቂት ለመናገር አሰብን።

ትያትር ከውጭ አገር የመጣ ነገር ነው ብለው የሚያስቡ ብዙዎች ናቸው። አዳራሹና መጋረጃው ከውጭ መምጣቱ እውነት ነው፤ ጨዋታው ግን በእኛም ዘንድ የነበረ ነው። በቀድሞው ዘመን ከዛፍ ጥላ ሥር በሚቆመው ችሎት ከሳሽና ተከሳሽ በላ ልበልሃ እየተባባሉ ሲሟገቱ የተመለከተ ሰው ይህን ያውቃል። ነጠላቸውን አደግድገው፥ በዘንጋቸው ወደ ባላጋራቸው እያመለከቱ፥ ነገራቸውን በምሳሌና በግጥም አስጊጠው ሲናገሩ፥ ሸንጎው አንድ ጊዜ በዝምታ ያዳምጣል፤ አንድ ጊዜም በሣቅ ይሞላል። እኛ የችሎት መዝገብ የምንጽፍ ሰዎች የተከራካሪዎችን ቃል እንጂ የአድማጩን ሣቅ በመዝገብ አናገባም፤ ነገር ግን በጊዜው የመጣ ቀልድ የከረረውን ክርክር ስንት ጊዜ እንዳለዘበው እናውቃለን።

በመኳንንቱም ግብር ቤት አጫዋች የሚባል ሰው ነበር። ሌላው ሰው ሊናገረው የማይደፍረውን ነገር እርሱ በቀልድ ሸፍኖ ይናገራል፤ ጌታውም ቢሥቅ ምክሩን ተቀበለ ማለት ነው፥ ቢቆጣም ነገሩ ቀልድ ነበረ ተብሎ ይታለፋል። አዝማሪውም በማሲንቆው ያመሰግናል፥ በዚያው አፉ ደግሞ ሰምና ወርቅ አድርጎ ይነቅፋል። ላሊበሎችም ገና ሳይነጋ ከደጅ ቆመው ሲያዜሙ፥ ለጋሱን መርቀው ንፉጉን ነካ አድርገው ያልፋሉ። አስተዋይ የነበሩ ገዢዎችም የአገሩን ልብ ለማወቅ በፈለጉ ጊዜ፥ እረኛ ምን አለ? ብለው ይጠይቁ ነበር። ይህ ሁሉ የሚያስረዳን፥ ቀልድ በአባቶቻችን ዘንድ ከታች ወደ ላይ የሚላክ ደብዳቤ እንደ ነበረ ነው።

ከቀልድ ሰዎች ሁሉ ስማቸው የገነነው አለቃ ገብረ ሐና ናቸው። እኒህ ሰው የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ጠንቅቀው የተማሩ ሊቅ ነበሩ። የተክሌ አቋቋም እየተባለ እስከ ዛሬ በማሕሌት የሚታየው ሥርዓት ከእርሳቸው የመጣና በልጃቸው በተክሌ ስም የተጠራ መሆኑ ይነገራል። ከሊቅነታቸው ይልቅ ግን ሕዝብ የሚያስታውሳቸው በቀልዳቸው ነው። በዐፄ ምኒልክና በእቴጌ ጣይቱ ዘመን ተናገሩት እየተባለ የሚወራው ብዙ ነው፤ ሌሎች የተናገሩትም በእርሳቸው ስም ሳይነገር አልቀረም። ከሚወራውም አንዱ እንዲህ ነው። አለቃ በመንገድ ሲሄዱ አህያ የሚነዱ ሴቶች አገኙና፥ እንደምን ዋላችሁ የአህያ እናቶች አሏቸው። ሴቶቹም ሳይደነግጡ፥ እንደምን ዋልህ ልጃችን ብለው መለሱላቸው ይባላል።

አንባቢዎቻችን ይህንን ወሬ ከልጅነታቸው ጀምሮ ሳይሰሙት አልቀሩም። ነገር ግን አንድ ነገር እንዲያስተውሉልን እንለምናለን። በዚህ ወሬ የተሸነፉት ታላቁ ሊቅ ናቸው፤ ያሸነፉት ደግሞ ስማቸው እንኳ ያልተጻፈ፥ ከአህያ ኋላ የሚሄዱ ድኾች ሴቶች ናቸው። ሕዝባችን ቀልድን ሲወድ በእንዲህ ያለ መንገድ ወደደው። ባለ ማዕርጉ ይነካል፥ የተናቀው ይመልሳል፥ ሁለቱም ሥቀው በሰላም ይለያያሉ። የደኅና ቀልድ ሥርዓት ይህ ነው፤ ወደ ኋላ የምንናገረው ሁሉ በዚህ ይለካልና አንባቢ በልቡ ይያዘው።

ኮሜዲያ የሚለውን ስም በአገራችን የመጀመሪያ አድርገው በትያትር ላይ ያዋሉት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። እኒህ ሰው በልጅነታቸው ወደ መስኮብ አገር ሄደው የተማሩ፥ በኋላም የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ሲረቀቅ ታላቅ ድርሻ የነበራቸውና ኢትዮጵያን በዓለም መንግሥታት ማኅበር የወከሉ ሰው ናቸው። በ1913 ዓ.ም. ገደማ «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የሚለውን ድርሰት ጽፈው በአዲስ አበባ በቴራስ ሆቴል በመኳንንቱ ፊት አሳዩ። ተጫዋቾቹ በአውሬ ስም የሚጠሩ ነበሩ፤ ነገሩ ግን የሰው ነበረ። ጉቦውን፥ የሹማምንቱን ስንፍናና የአስተዳደሩን ብልሽት በአውሬ ቆዳ ሸፍኖ አቀረበው። ተመልካቾቹም የአውሬው ቆዳ ከማን ልክ እንደተሰፋ ለማወቅ ብዙ አልቸገራቸውም። በንግሥት ዘውዲቱ ትእዛዝ መጽሐፉ ተሰበሰበ፥ ትያትርም ተከለከለ። የትያትር ሥራ እንደ ገና የተነሣው ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ መጫን ወዲህ ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ታሪክ አይደለም። በፈረንሳይ አገር ሞልየር የሚባለው ታላቅ የኮሜዲያ ደራሲ፥ ጻድቅ መስሎ በሰው ቤት ገብቶ ቤተ ሰቡን ስለሚያምስ አንድ ግብዝ «ታርቱፍ» የሚል ጨዋታ ደርሶ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1664 ዓ.ም. በቬርሳይ በንጉሡ ፊት ቢያሳይ፥ በሕዝብ ፊት እንዳይታይ ተከለከለ። በነጻ እንዲታይ የተፈቀደለት ከአምስት ዓመት በኋላ በ1669 ዓ.ም. ነው። የከለከሉት ሰዎች ዛሬ ስማቸውን የሚጠራ የለም፤ ጨዋታው ግን በዓለም ሁሉ ይታያል። በእኛም አገር ጸጋዬ ገብረ መድኅን ይህንኑ ድርሰት ወደ አማርኛ መልሰውታል። የሞልየርን ሌላ ጨዋታም «የፌዝ ዶክተር» ብለው ለኢትዮጵያ መድረክ አብቅተውታል።

ቀልድ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ከወዳጅ ይልቅ ጠላት ያውቃል። የየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እልቂት ከተፈጸመ በኋላ ግራዚያኒ በየገበያው የሚዞሩትን ተረት ነጋሪዎች፥ አዝማሪዎችና ጠንቋዮች እየያዙ እንዲያጠፏቸው አዘዘ። መድፍና አውሮፕላን የያዘ ሠራዊት ማሲንቆ የያዘውን ሰው ስለ ምን ፈራው? ቢባል፥ በሕዝብ ዘንድ የተሣቀበት ገዢ እንደማይፈራ ስላወቀ ነው። ከሦስት ዓመት ተኩል በኋላም፥ በጥቅምት ወር 1933 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር ቻርሊ ቻፕሊን «ታላቁ አምባገነን» የተባለውን ፊልም አወጣ። በዚያ ፊልም ሂትለርና ሙሶሊኒ በሌላ ስም ሆነው ይታያሉ። ሁለቱ ከጠጉር ማስተካከያ ወንበር ላይ ተቀምጠው፥ እኔ እበልጥ እኔ እበልጥ በማለት ወንበራቸውን ወደ ጣራው ከፍ ሲያደርጉ የሚያሳየው ስፍራ እስከ ዛሬ ያሥቃል። ዓመቱ ሳያልቅ፥ በሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው ገቡ። አገሩን ያስለቀቀው የአርበኛው ደም እንጂ ፊልም አይደለም፤ ይሁን እንጂ አዝማሪዎችን የገደለ መንግሥት በዚያው ዓመት የዓለም መሣቂያ መሆኑን ስንመለከት፥ ፍርድ አለ ማለታችን አይቀርም።

ሲኒማ ራሱ ወደ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ ሕዝቡ የሚታይበትን ቤት ሰይጣን ቤት ብሎ ሰይሞት ነበር። ትያትር ግን በ1927 ዓ.ም. በተቋቋመው በሀገር ፍቅር ማኅበር፥ ኋላም በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትያትር፥ በዛሬው ብሔራዊ ትያትር፥ መሠረቱን ጣለ። በመጀመሪያው ዘመን ሴቶች ከመድረክ መውጣት ነውር ስለ ነበረ፥ የሴቱን ክፍል ወንዶች የሴት ልብስ ለብሰው ይጫወቱት ነበር። ከእነዚህም አንዱ ተስፋዬ ሣህሉ ነበሩ። እኒህ ሰው ወደ ኮሪያ ከዘመተው ሠራዊታችን ጋር ሄደው ወታደሩን አጫወቱ። ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረም ወዲህ ለ42 ዓመት ያህል የዛሬ አበባዎች የነገ ፍሬዎች እያሉ ለልጆች ተረት ሲነግሩ ኖሩ። አገሩ ሁሉ አባባ ተስፋዬ ብሎ የጠራቸው ስለዚህ ነው። ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ አያት የሆኑ ሰዎች ከልጅ ልጆቻቸው ጋር አንድነት አዝነውላቸዋል።

ስለ ቤተ ሰብ ኮሜዲያ ሲነገር ግን መንግሥቱ ለማን አለማንሣት አይቻልም። የአለቃ ለማ ኃይሉ ልጅ ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ከአባታቸው ዘንድ፥ የዘመኑን ትምህርት በለንደን ቀስመዋል። «ያላቻ ጋብቻ» በሚለው ድርሰታቸው በውጭ አገር የተማረው የትልቅ ቤት ልጅ ወደ ባላገር ወርዶ ከቤት ሠራተኛው ጋር ይጋባል፤ ዘመዶቹም የዘር ሐረግ ቈጥረው ያዙኝ ልቀቁኝ ይላሉ። «ጠልፎ በኪሴ» በሚለውም ልጃገረድን በጠለፋ የማግባትን ልማድ እያሣቁ ያጋልጡታል። ይህንን ለመመልከት ከፊት ወንበር የሚቀመጡት ባለ ማዕርጎች ነበሩ። በራሳቸው ልማድ እየሣቁ ወደ ቤታቸው ይመለሱ ነበርና፥ አንድ ሰዓት ስብከት ያልደረሰበትን ልብ ኮሜዲያ እንደሚነካው ከዚህ ይታወቃል።

ከዚህ በኋላ ቀልድ ከአዳራሽ ወደ ሳሎን ገባ። በበዓል ዋዜማ ጎረቤት ሁሉ ቴሌቪዥን ካለበት ቤት ተሰብስቦ፥ አለባቸው ተካና ልመንህ ታደሰ፥ ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ የሚያሳዩትን ጭውውት ይጠባበቅ ነበር። ተስፋዬ ካሳና ክበበው ገዳም ብቻቸውን ቆመው አዳራሽ ሙሉ ሰው አሥቀዋል። የቀልድ ካሴትም በየሱቁ ይሸጥ ነበር። የእነዚህ ሰዎች ዕቃ ማይክሮፎንና አንደበት ብቻ ነበር፤ ሆኖም ዶሮ ወጡ ሳይቀርብ ቤቱን በዓል በዓል የሚያሰኙት እነርሱ ነበሩ።

አሁን ወደ ከተማችን ምሥራቅ እንመለስ። የቀደሙት የትያትር ቤቶች ሁሉ፥ ሀገር ፍቅር ከፒያሳ፥ ብሔራዊ ከለገሃር፥ ራስ ትያትር ከመርካቶ፥ በከተማው መካከልና በምዕራቡ ወገን ተሠርተዋል። ቦሌ በዚያ ዘመን እርሻና የግጦሽ መሬት ነበር፤ ከተማው ወደዚያ የተሳበው የአውሮፕላን ማረፊያው በ1950ዎቹ ዓመታት ከተሠራ ወዲህ ነው። ስለዚህ የምሥራቁ ወገን ቤተ ሰብ ኮሜዲያን ያወቀው ከመድረክ ይልቅ በሲኒማ ነው። በዲጂታል ካሜራ ፊልም ማንሣት ከተጀመረ በኋላ የአማርኛ ፊልም በዛ፤ ከእርሱም ብዙው የፍቅር ኮሜዲ ነበር። በቦሌ መንገድ በዓለም ሲኒማ፥ በቦሌ መድኃኔ ዓለም አጠገብ በኤድና ሞል በነበረው በማቲ ሲኒማ፥ «የወንዶች ጉዳይ»ን የመሳሰሉ ፊልሞች በወጡ ጊዜ ወጣቱ በሰልፍ ቆሞ ገብቷል። ከጉርድ ሾላ ወዲያ ያለውም ሰው ሴንቸሪ ሞል ሲሠራ ሲኒማ ቀረበለት።

በካዛንቺስ ደግሞ የአዝማሪ ቤቶች ለብዙ ዓመታት ነበሩ። አዝማሪው እንግዳው ገና ከበሩ ሲገባ መልኩን፥ አለባበሱንና አብራው የመጣችውን ወይዘሮ ተመልክቶ በዚያው ሰዓት ግጥም ይገጥምለታል፤ እንግዳውም ተቀበል ብሎ መልስ ይሰጠዋል። ይህ ጨዋታ አለቃ ገብረ ሐና ከአህያ ነጂዎቹ ጋር የተጫወቱት ዐይነት ነው፤ የተነካው ሰው እዚያው ፊት ለፊት ተቀምጧልና መመለስ ይችላል። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የካዛንቺስ አሮጌ ሠፈር ለልማት በፈረሰ ጊዜ ሕዝቡ ወደ ሌላ ሠፈር ተዛውሯል። ቤት ቢፈርስ ሌላ ይሠራል፤ ነገር ግን ሰው ፊት ለፊት ተያይቶ የሚቀላለድበት ልማድ አብሮ እንዳይፈርስ ያሠጋል።

እንዲህ ማለታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ ቀልድ በቤታችን የሚገባው በቴሌቪዥንና በእጅ ስልክ ነው። «ቤቶች» የተባለው የጥላሁን ጉግሳ ተከታታይ ኮሜዲ ለብዙ ዓመታት ቤተ ሰብን አንድ ላይ አስቀምጦ አሥቋል። «ምን ልታዘዝ» የተባለውም በአንድ ካፌ የሚሠሩ ሰዎችን እያሳየ የአገሩን አስተዳደር በሰምና ወርቅ ተችቷል፤ ፋቡላ በአውሬዎች ያደረገችውን እርሱ በካፌ አድርጎታል። እንዲህ ያለውን እናመሰግናለን። ዳሩ ግን ከዚህ ጋር ሌላ ዐይነት ቀልድ አብሮ በዝቷል። ይኸውም የባላገሩን አነጋገር፥ የዘበኛውን አረማመድ፥ የቤት ሠራተኛይቱን የዋህነት፥ የሚንተባተበውን ሰው ምላስ እያስመሰሉ ማሣቅ ነው።

አንባቢዎቻችን ይህንን ነገር በራሳቸው ሳሎን ይመልከቱት። በቦሌ፥ በገርጂ፥ በሲኤምሲ ወይም በአያት ባለ አንድ ቤት እሑድ ከምሳ በኋላ ቤተ ሰቡ ቴሌቪዥን ከፍቶ ተቀምጧል። ከጥጉ ላይ ከባላገር የመጣች ልጅ ቡና ታፈላለች። በመስኮቱ የሚታየው ተጫዋች የእርሷን አነጋገር ያስመስላል፤ ባሪያ ፈንግሉ ቀረ ብለን የተደሰትን ሰዎች ልጆች በሣቅ ይንፈራፈራሉ። ልጅቱ ምን ታድርግ? እንደ አህያ ነጂዎቹ ሴቶች እንዳትመልስ እንጀራዋ ከዚያው ቤት ነው። ስለዚህ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ እርሷም የሣቀች ትመስላለች። በማግሥቱ የቤቱ ትንሽ ልጅ ያንኑ ቃል እየደገመ ሲጠራት፥ እናትና አባት ያስተማሩት ሳይመስላቸው አስተምረውታል። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት የሚባለው ይህ ነው።

እንግዲህ የሚሻለው ምንድር ነው? መከልከል ነው የሚል ሰው ቢኖር፥ ፋቡላና ታርቱፍ መልስ ይሰጡታል። መከልከል የተጀመረ እንደ ሆነ በመጀመሪያ የሚዘጋው ኃያሉን የሚነካው ቀልድ ነው፤ ድኻውን የሚነካው ግን ከሳሽ የለውምና ይቀራል። ስለዚህ መለኪያው በትእዛዝ ሳይሆን በየቤቱ አባወራና እመቤት እጅ ቢሆን እንመርጣለን። መለኪያውም ቀላል ነው። የተቀለደበት ሰው በዚያው ክፍል ቢቀመጥ ሊሥቅ ይችላልን? ሊመልስስ ይፈቀድለታልን? የሚችል ከሆነ ቀልዱ ጨዋታ ነው፤ ልጆች ይስሙት። የማይችል ከሆነ ግን የደካማ ዱላ ነውና፥ አባት ቴሌቪዥኑን ከመዝጋት ይልቅ፥ ይህ ስለ ምን አሣቃችሁ? ብሎ ልጆቹን ቢጠይቅ ይበልጥ ይጠቅማል። ልጅ መልስ ሲያጣ በራሱ ያስተውላልና።

በሥልጣን ላይ ለተቀመጡትም አንድ ቃል እንጨምራለን። በእናንተ ላይ የተቀለደውን ቀልድ ከሰው ሁሉ በኋላ የምትሰሙት እናንተ ናችሁ፤ አንዳንድ ጊዜም ከቶ አትሰሙትም። በሹም ፊት ሁሉም የሚሥቀው ሹሙ በሣቀበት ነገር ነውና። ስለዚህ ቀልደኛው የሚናገረውን እንደ ስድብ ሳይሆን እንደ አቤቱታ ቈጥሮ መመልከት ብልህነት ነው። ማኅተም የሌለው አቤቱታ ነው፤ ነገር ግን ብዙ ሰው የፈረመበት ነው።

በመጨረሻም ስለ ቀልደኞቹ ራሳቸው እንናገር። አዝማሪ የሚለው ስም በብዙ ቤት ለስድብ ሲነገር ኖሯል፤ ዛሬም ልጁ ቀልደኛ እሆናለሁ ሲለው ፊቱን የማያጠቁር አባት ጥቂት ነው። ሰውን የሚያስመስል ልጅ ግን ከሌላው ይልቅ ሰውን የሚያስተውል ልጅ ነው። ከአያቱ ሳልና ከጎረቤቱ አረማመድ ጀምሮ ሁሉን አይቶ በልቡ ይጽፋል። እንዲህ ያለውን ልጅ ዝም በል እያሉ ከማሸማቀቅ፥ ማንን እንደሚነካና ማንን እንደሚያከብር ቢያስተምሩት፥ ነገ አገሩን የሚያሥቅና የሚመክር ሰው ይወጣዋል። አለቃ ገብረ ሐናንም ሊቅነታቸው ከቀልድ አልከለከላቸውም፤ ቀልዳቸውም ሊቅነታቸውን አላሳነሰባቸውም። የቤታችሁ ሣቅ ሁሉም የሚካፈልበት፥ ቡና የምታፈላውም ልጅ ከልቧ የምትሥቅበት እንዲሆን እንመኛለን።